የዱላው ጫፍ

ወንጌላዊ በዛብህን ቦንጋ ውስጥ የማያውቀው የለም። በገበያ ቀን እንኳ ሰው መንገድ ይለቅለታል። ኮቱን ቆልፎ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ፣ የዱላውን አንድ ጫፍ ጨብጦ ቁልቁለቱን ሲወርድ ያየ ሰው፣ ዓይን ካለን ከእኛ ይልቅ የሚሄድበትን የሚያውቀው እሱ ይመስለዋል። የዱላውን ሌላ ጫፍ የያዘችውን ሴት ግን ማንም ልብ አይላትም። ሚስቱ የሻረግ ነች። ጉድጓዱን የምታየው እሷ፣ ባጃጅ ሲመጣ ዳር የምታስይዘው እሷ፣ ጭቃው የት ጋ እንደሚያንሸራትት የምታውቀው እሷ። እሱ ደግሞ እሑድ እሑድ መድረክ ላይ ይወጣና፣ «ወገኖቼ፣ ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ከጌታ በቀር መሪ የለኝም! አንድ ቀን እንኳ አላደናቀፈኝም!» ይላል። ጉባኤው «አሜን» ይላል። የሻረግም ከሴቶቹ ወንበር «አሜን» ትላለች። ምን ታድርግ?

አንድ እሑድ ግን አልቻለችም። ምስክርነቱን ሰምታ ወደ ቤት ሲመለሱ አንጀቷ አርሮ ነበር። የጎርፍ መውረጃው ቦይ ጋ ሲደርሱ፣ ሌላ ጊዜ «ቦይ ነው፣ እግርዎን ያንሱ» የምትለዋ ሴት ያን ቀን ዝም ብላ ተሻገረች። በዛብህ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገባ። የሻረግ ቆማ አየችው። ተደናግጦ ስሟን ይጠራል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ቦዩን በእጁ ዳብሶ ወጣና፣ «ሐሌሉያ! ጌታ ከዚህ የባሰውን ስንቱን አሳልፎኛል» አለ። ሱሪውን ያጠበችው እሷው ነች። ክፋት እንኳ ሠርታ ልፋቱ ለእሷ ሆነ።

ሴትዮዋ ክፉ ሆና አልተፈጠረችም፤ ከነገሩ ሥር ልነሣ። ከካፋ ሴት ጋር የኖረ ሰው እንሰት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እንሰት እንደ ጎመን በወር በሁለት ወር የሚደርስ ነገር አይደለም። ትተክያለሽ፣ ነቅለሽ ታዛውሪያለሽ፣ ፍግ ታለብሻለሽ፣ ክረምት ከበጋ ትጠብቂያለሽ፤ ግንዱ ወፍሮ ሲደርስልሽ ነው ፍቀሽ ቆጮ የምታደርጊው። እንሰት የተከለች ሴት «እዚህ አረጃለሁ» ብላ ነው የተከለችው። የሻረግ ገና ሙሽራ ሳለች፣ ዴካ ሲኖሩ፣ እንሰት ተከለች። እንሰቱ ደርሶ ልትፍቅ ነው ሲባል በዛብህ አንድ ጠዋት ከጸሎት ተነሥቶ፣ «ጌታ ተነሥ ብሎኛል» አለ። ሺሺንዳ ወረዱ። ዴካ ያለውን እንሰት ማን እንደፋቀው እግዜር ይወቅ። ሺሺንዳም ተከለች። ሺሺንዳም ሲደርስ፣ «ጌታ ተነሥ ብሎኛል።» የጎረቤትን እንሰት ስትፍቅ ጉልበቷ የተላጠ ሴት፣ በእጇ የተከለችውን በእጇ ፍቃ አታውቅም ነበር።

«በምን አወቁ?» ትለዋለች።

«ሰላም አለኝ» ይላታል።

በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ክርክር እዚህ ላይ ያበቃል። ጸልየህ ልብህ ውስጥ ሰላም ከተሰማህ የጌታ ምሪት ነው፤ ሰላም ካጣህ አይደለም። ሥራ የሚለቅ ሰው፣ ልጅ የሚድር ሰው፣ በሬ የሚሸጥ ሰው ሁሉ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው፤ ሰላም አለህ ወይ? በዛብህ ሁልጊዜ ሰላም አለው። የሻረግ ሰላም ይኑራት አይኑራት ግን የጠየቃት ሰው የለም።

ኋላ ቦንጋ ከአባቷ ድርሻ የደረሳት ቦታ ላይ ቤት ሠሩ። ጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ከጓሮ የሚከራይ አንድ ክፍል። እንደ ልማዷ እንሰቷን ተከለች። ብዙም ሳይቆይ የበዛብህ ዓይን መደብዘዝ ጀመረ። ጅማ ድረስ ሄደው የዓይን ግፊት ነው ተባለ፤ ዘግይታችኋል ተባለ፤ ጨለመ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አለቀሰላት። እሷም አብራ አለቀሰች። በልቧ ግን፣ ዕውር ከእንግዲህ ወዴት ይሄዳል ብላ ጌታን አመሰገነች። አመሰገነች ነው ያልኩት፤ አልተሳሳትኩም።

ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ በዱላ ጫፍ ሆነ። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። እንሰቱም ወፈረ። ዘንድሮ ደረሰ። ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ደቦ ተነጋግራ፣ የምትፍቅበትን ሳንቃ አስጠርባ፣ ቀኑን ቆርጣ ሳለ ነው በዛብህ አንድ ጠዋት ከጸሎት ተነሥቶ አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጠው።

«የሻሬ፣ ጌታ ተነሥ ብሎኛል።»

የሻረግ እጇ ላይ የነበረውን ኩባያ አስቀመጠች። «ወዴት?»

«ከቢታ ገነት ወዲያ። ቃሉ ያልደረሰው ሕዝብ አለ። ቤቱን እንሸጥና በዋጋው ጸሎት ቤት እንሠራለን።»

«ቤቱ እኮ የአባቴ ድርሻ ነው።»

«ሁሉም የጌታ ድርሻ ነው፤ እኛ ባላደራ ነን።»

«እርስዎ አያዩም! እዚያ ጫካ ነው፣ ገደል ነው፣ ወንዙ ድልድይ የለውም። ማን ሊመራዎት ነው?»

በዛብህ ከልቡ ግር አለው። «እስከ ዛሬስ ማን መራኝ?» አለ።

የሻረግ ምላሷን ነከሰች። ከቁጣ አልፎ የሚሄድ ነገር አለ፤ ሰውን የሚያበርድ። ያን ቀን በረዳት።

ከሳምንት በኋላ ደላላ ግቢውን ሊያይ መጣ። ቦንጋ የክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ደላላ ቤት ይሸተዋል። ጓሮውን ዞሮ ዞሮ፣ «እማማ፣ ይሄን እንሰት ገዢው ያስነቅለዋል፤ ሰርቪስ ነው የሚሠራበት» አላት። የሻረግ ነጠላዋን አጣፍታ መጋቢ አዲሱ ዘንድ ሄደች።

መጋቢ አዲሱ ወጣት ነው፤ ሰው ማስቀየም አይወድም። በዛብህ ነው ያጠመቀው። ሰማት፣ አዘነላት፣ ከዚያ ጣቶቹን አቆላልፎ፣ «እትዬ የሻረግ፣ ወንጌላዊ ላይ እኔ አፌን ልከፍት አልችልም። ጌታ ራሱ ካልከለከላቸው በቀር ማን ይከለክላቸዋል?» አላት።

ጌታ ራሱ ካልከለከላቸው በቀር። ይህን ቃል ይዛ ወጣች። እየሄደች አሰበችው፣ ቤቷ ገብታም አሰበችው። አንዳንድ ኃጢአት ሰው ፈልጎ አያመጣውም፤ ደግ ሰው በእጁ ያስይዘዋል።

ዓርብ የእህቶች የጾም ጸሎት ነበር። በዛብህን ለስንብት ጋብዘውት ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ መጋቢ አዲሱም አጠገቡ ነው። መዝሙሩ ተዘምሮ፣ ጸሎቱ ሞቆ፣ አንዷ ስታለቅስ አንዷ ስትጮህ፣ የሻረግ ተነሣች። በዕድሜዋ ሙሉ በጉባኤ ፊት ተናግራ አታውቅም። ጉልበቷ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሰዎቹ መንፈስ ነው አሉ።

«ልጄ በዛብህ ሆይ፣ ስማኝ ይላል ጌታ!» አለች።

ጸሎቱ ቆመ፤ ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

«ተነሥ ያልኩህ እኔ ነኝ! የላክሁት ግን አንተን ነው፤ አንተን ብቻ! ሚስትህ በቦታዋ ትቀመጥ! ቤቷን አትንካ! ብቻህን ሂድ፤ እኔ እመራሃለሁ! ይላል ጌታ!»

በትዳር ዘመኗ ሁሉ «እርስዎ» ስትለው የኖረችውን ሰው «አንተ» አለችው። ስትለው አፏ ላይ ጣፈጣት። ተቀመጠች።

ሒሳቧን ከትናንት ጀምሮ ሠርታዋለች። በዛብህ ጌታ የከለከለውን አይነካም፤ ስለዚህ ቤቱ አይሸጥም። ዕውር ደግሞ ብቻውን ከመናኸሪያ አያልፍም፤ ስለዚህ መንገዱም ይቀራል። ትንሽ ያዝናል፣ ከዚያ «ጌታ ጊዜውን ያውቃል» ይልና ይቀመጣል። እሷም እንሰቷን ትፍቃለች። ከዚህ በላይ ምንም አልፈለገችም።

መጋቢ አዲሱ ላቡን ጠረገ። ትንቢት ይመረመራልና ወደ በዛብህ ጠጋ ብሎ፣ «ወንጌላዊ፣ የተነገረውን ሰምተዋል። ሰላም አለዎት?» አለው።

በዛብህ ሁልጊዜ ወደ ሰማይ የሚያቀናውን ፊቱን ቀስ አድርጎ ዝቅ አደረገና፣ የሻረግ ወደ ተቀመጠችበት አዞረው። የማያይ ዓይን እንደዚያ ሲያይ እሷ አይታ አታውቅም። ወንበሯ ላይ ተሸማቀቀች።

«ሰላም አለኝ» አለ። «ብቻዬን እሄዳለሁ።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የሻረግ ነገሩ እንዳመለጣት የገባት ሰኞ ጠዋት ነው፤ በዛብህ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ሲቆም። ሰፈሩ ለሽኝት ወጥቷል። እንደ ልማዷ የዱላውን ጫፍ ልትይዝ እጇን ዘረጋች። ዱላውን ወደ ራሱ ሳበ።

«አይሆንም የሻሬ። ብቻህን ተብያለሁ።»

«እስከ መናኸሪያ ድረስ እንኳ...»

«ብቻህን ነው የተባልኩት።»

ሄደ። ሴቶቹ እያለቀሱና እየዘመሩ በርቀት ተከተሉት፤ ማንም አልነካውም፤ የጌታ ቃል ነዋ። አንድ ጊዜ ከአጥር ጋር ተጋጨ። አንድ ጊዜ ባጃጅ ኮቱን ገፍቶት አለፈ። የሻረግ ከበሩ ሆና ቦዩን ጠበቀች። እዚያ ይወድቃል፣ እዚያ ይመለሳል አለች። በዛብህ ቦዩ ጋ ደረሰ፤ በዱላው ዳር ዳሩን ነካ ነካ አደረገ፤ እግሩን አነሣ፤ ተሻገረ። ተሻግሮ አንዴ እንኳ ወደ ኋላ አልዞረም። ዕውር ቢዞር ምን ያያል ትሉኝ ይሆናል። ሰው ሲለያይ ለማየት ብቻ አይዞርም።

እንሰቷን ፋቀች። ደቦው መጣ፣ ሴቶቹ ተሳሳቁ፣ ቆጮው የሚብላላበት ጉድጓድ ተሞላ። ቆጮው ሲደርስ ከማር ጋር በላችው። ጣፈጣት። ምነው ከጉሮሮዋ አልወርድ አለ ብዬ ባወራላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር፤ ግን በጣም ነው የጣፈጣት።

ሌላም ነገር ጣፈጣት። የሰፈሩ ሴቶች «ነቢይት» ማለት ጀመሩ። ባሏን ለወንጌል የሰጠች፣ በአፏ ጌታ የተናገረባት እየተባለች፣ የማያውቋት ሰዎች ሳይቀሩ እጇን ይስሙ ጀመር። አንዷ ልጇን ይዛ ትመጣለች፣ ሌላዋ «ጸልዪልኝና ንገሪኝ» ትላለች። የጓሮዋን ክፍል የተከራየችው ከወላይታ ተመድባ የመጣች አስተማሪ፣ ሔርሜላ የምትባል ለስላሳ ልጅ፣ አንድ ቀን እየተሽኮረመመች ገባች። የግብርና ቢሮ ባልደረባ ለጋብቻ ጠይቋታል። ጨዋ ነው፣ ትወደዋለች፤ ብቻ የጌታን ፈቃድ ማወቅ ፈልጋለች።

የሻረግ ልጅቷን አየቻት። ብታገባ ትሄዳለች፤ ቤቱም ባዶ ይሆናል፤ ማታ ማታ የሚያወራት ሰው አይኖርም። ዓይኗን ጨፈነች፤ ጨፍና ቆየች።

«ሰላም የለም፣ ልጄ» አለቻት።

ሔርሜላ ፊቷ ዐመድ መሰለ። «እሺ፣ እትዬ» አለች። ሰውዬውን መለሰችው። በሳምንቱ የሻረግ በግድግዳው በኩል ለቅሶዋን ሰማች፤ ሻይ አፍልታ ወሰደችላትና ጭንቅላቷን ዳበሰቻት። እየዳበሰቻት ሳለ በዛብህም «ሰላም» እያለ ስንቴ እንዲህ እንዳደረጋት ትዝ አላት። እጇን ግን አላነሣችም።

ከበዛብህ ወሬ አልመጣም። ያለበት ኔትወርክ የለም። እሷም ትጠብቅ ነበር፤ የምትጠብቀው ግን ሌላ ሚስት የምትጠብቀውን አይደለም። በጸሎቷ፣ «ጌታ ሆይ፣ ይውደቅ» ትል ነበር። «አይሙት። እግሩ ይሰበርና አምጥተው ደጃፌ ላይ ያስቀምጡት። ‹የሻሬ፣ ያለ አንቺ አልሆነልኝም› ይበለኝ። ከዚያ በኋላ በጀርባዬ እንኳ አዝለዋለሁ።» እንዲህ ያለ ጸሎት ወደ ላይ ይውጣ አይውጣ እኔ አላውቅም። እሷ ግን በየጠዋቱ በእንባ ትጸልየው ነበር።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል መጋቢ አዲሱ ለአገልግሎት ወደ ቢታ ገነት ወጥቶ ተመለሰና በቀጥታ ቤቷ መጣ። ፊቱ በርቷል።

«እትዬ የሻረግ፣ ትንቢትሽ ቃል በቃል ተፈጸመ! ጸሎት ቤት ሠርተዋል። ቆርቆሮ የለ፣ ሚስማር የለ፤ ሕዝቡ ራሱ እንጨት ከጫካ ቆርጦ፣ ሣር አጭዶ። ወንጌላዊ ወፍረዋል! ኤሊ የምትባል አንዲት መበለት አለች፤ ዲዳ ነች፣ አትሰማም አትናገርም። ዱላቸውን ይዛ ትመራቸዋለች። ብታዪ ታለቅሻለሽ። አንዱ አያይ፣ አንዷ አትናገር፤ ጌታ ግን አገጣጠማቸው።»

«ወፍሯል?» አለች የሻረግ።

ሌላ የሰማችው ነገር የለም ማለት ይቻላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴትዮ ተረት አይደለችም፤ ቅዳሜ ጠዋት ቦንጋ መናኸሪያ ቁጭ ብላ መኪና እየጠበቀች ነበር። መኪና ለውጣ፣ ጭቃ ላይ ወርዳ ከተሳፋሪ ጋር ገፍታ፣ ቢታ ገነት አደረች። እሑድ በማለዳ በእግሯ ተነሣች። መንገዱ በቡናና በኮረሪማ መካከል ይሄድና ወንዝ ላይ ይደርሳል። ወንዙ ላይ ጎን ለጎን የተጋደሙ ሁለት ግንዶች አሉ፤ ከክረምቱ የተነሣ አረንጓዴ የዛፍ ሽበት አብቅለዋል። ጸሎት ቤቱ ከወንዙ ወዲህ ነው፤ በዛብህ የሚያድርባት ጎጆ ከወንዙ ወዲያ።

ከኋላ ተቀመጠች። ማንም አላወቃት። በዛብህ እውነትም ወፍሯል። ፊቱን ወደ ሣር ክዳኑ አቅንቶ፣ «ወገኖቼ፣ ከጌታ በቀር መሪ የለኝም! አንድ ቀን እንኳ አላደናቀፈኝም!» አለ። ሕዝቡ «አሜን» አለ። የሻረግ አፏን አልከፈተችም። አንደኛ ረድፍ ላይ የተቀመጠችው ሴት የኮቱን ቁልፍ እያየች ነበር፤ አንዱ ተፈትቷል። ሲጨርስ ተነሥታ ቆለፈችለት። የሻረግ ያን ጊዜ ኤሊ ማን እንደሆነች አወቀች።

በር ላይ ኤሊ ዱላውን ይዛ ስትወጣ የሻረግ ፊቷ ቆመች። በጣቷ ወደ በዛብህ አመለከተች፣ ወደ ራሷ አመለከተች፣ የጋብቻ ቀለበቷን አሳየቻት። ኤሊ ቀለበቱን አየች። ልቧ ያልወደደው ነገር እንዳለ ያስታውቅ ነበር፤ ግን የዱላውን ጫፍ ለቀቀችላት፤ ቦርሳውን አንሥታ ከኋላ ተከተለች።

የሻረግ ያዘችው። በዛብህ ተከተላት። አንዲት ቃል ሳታወጣ ቁልቁለቱን አወረደችው። ከየት እንደመጣ የማታውቀው ደስታ ሆዷን ሞላው። እያንዳንዷን ሥር፣ እያንዳንዷን ድንጋይ እያየች ዘወር ዘወር አደረገችው። አሁን ይገባዋል፣ አሁን ልዩነቱን ያውቀዋል አለች በልቧ።

«ዛሬ ቀስ እያልሽ ነው፣ ኤሊ» አለ በዛብህ። «ደግ አደረግሽ። አትሰሚኝም፤ ቢሆንም ላውራሽ። ስለ ሚስቴ ነግሬሽ አላውቅም።»

የሻረግ እየመራችው ጆሮዋን ጣለች።

«ቦንጋ ሚስት አለችኝ። ያን ቀን በጉባኤ መካከል ተነሥታ ‹ጌታ እንዲህ ይላል› ስትል፣ ጌታ እንዳልሆነ ወዲያው አውቄያለሁ። የጌታን ድምፅ ለምጄዋለሁ፤ የእሷንም ለምጄዋለሁ። የእሷ ነበር። ዕውር ነው፣ ወዴት ይሄዳል ብላ ነው የተናገረችው።» ትንሽ ሄደ። «ታዲያ ለምን ሄድክ ትዪኝ ነበር፣ አፍ ቢኖርሽ። ጌታ በአህያ አፍም የተናገረ አምላክ ነው። አህያዋ ምን እንዳለች አህያዋ አታውቀውም፤ ሰሚው ነው የሚያውቀው። እኔም ሰማሁ፣ ተነሣሁ፣ ይኸው እዚህ ደረስኩ። ስለዚህ ጌታን አመሰግናለሁ። አህያዋን ማን አመስግኗት ያውቃል?»

ሳቀ። ክፋት የሌለበት፣ የጠገበ ሰው ሳቅ ነበር። ከስድብ የባሰው እሱ ነው።

ግንዱ ጋ ደረሱ። ወንዙ ሞልቶ ድፍርስ ብሏል። የሻረግ እንደ ድሮው ፊቷን ወደ እሱ አዙራ፣ ዱላውን በሁለት እጇ ይዛ፣ በኋልዮሽ እየረገጠች ወጣች። እሱ ተከተላት። ጆሮዋ ውስጥ የሚጮኸው ወንዙ ይሁን ደሟ አላወቀችም። ማዶ ደርሳ መሬት ረገጠች። በዛብህ ገና ግንዱ ላይ ነው።

ዱላውን ለቀቀችው።

ጫፉ ወደ ታች ዘነበለ፤ በዛብህ አጥብቆ ያዘው። ቆመ። አንድ እግሩን ወደፊት ላከ፤ ሽበቱ አንሸራተተው፤ መለሰ። የሻረግ ከዳር ሆና ታየዋለች። ልትገድለው አልነበረም፤ ይህን ልመሰክርላት እችላለሁ። ልትሰማው የፈለገችው አንድ ነገር ነው። «የሻሬ፣ ያዢኝ» ይበላት። ወይም ስሟን እንኳ ባይጠራ፣ ይፍራ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ፣ መሪ ያጣ ሰው ፊት ይኑረው።

በዛብህ ፊቱን ቀና አደረገ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በቀስታ መዝሙር ማንጎራጎር ጀመረ።

ውሃው ውስጥ አንድ ነገር ተንቦጫረቀ። ኤሊ ነች። ቦርሳውን ራሷ ላይ አድርጋ ከግንዱ ጎን ወደ ድፍርሱ ገብታለች፤ ውሃው ደረቷ ድረስ ደርሶ ወደ ታች ይገፋታል። ግንዱን በአንድ እጇ እየጨበጠች መጣች፣ ማዶ ወጣች፣ የሻረግን በትከሻዋ ገፋ አደረገቻት። የዱላውን ጫፍ ያዘችና ሳበች። በዛብህ መዝሙሩን ሳያቋርጥ ተሻገረ።

የሻረግ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«የሻሬ» አለ።

በድንጋጤ ዘለል አለች።

«ከጸሎት ቤቱ በር ጀምሮ አውቄሻለሁ። ዱላውን ወደ ግራ ነው የምትስቢው። ሁልጊዜ ወደ ግራ ነበር የምትስቢው፤ ስንት ዓመት ሙሉ ክንዴን ዛለኝ።»

የሻረግ እንባዋ መጣ። ስንት ዘመን የጠበቀችው ነገር ነው፤ እጇን አውቆታል። «ታዲያ ግንዱ ላይ ለምን አልጠሩኝም?» አለች። «ስሜን ቢጠሩ እኮ...»

«የምጠራውን ጠራሁ» አለ በዛብህ። «ሰው ላከልኝ።» ድምፁ ውስጥ ቂም አልነበረም፤ ምንም አልነበረም። «ቤቱ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ተመስገን። በሰላም ግቢ። ጌታ ይምራሽ።»

ኤሊ ልብሷ ውሃ እያንጠባጠበ ዱላውን ሳበች። ሄዱ። የሻረግ፣ «ወንጌላዊ!» ብላ ተጣራች። ከዚያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሷ አፍ፣ «በዛብህ! አንተ!» አለች። የቡናው ዛፍ ሸፍኗቸው ነበር።

ወደ ግንዱ ዞረች። ያለዚህ ወደ መኪናው መንገድ የለም። አንድ እግሯን አደረገች፤ መለሰችው። ዕድሜዋን ሙሉ ስንት ግንድ ተሻግራለች፤ ግን ሁልጊዜ ከዱላው ወዲያ ጫፍ የሚይዛት ክብደት ነበር። አሁን እጇ ባዶ ነው። ዓይኗ ያያል፤ ግንዱ ይታያታል፤ እግሯ ግን እምቢ አለ። «ጌታ ሆይ» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚባል ጠፋባት። የማታውቀውን ድምፅ በስንት ሰው ጆሮ አስመስላ ተናግራዋለች፤ ለራሷ ሊናገራት ሲገባ የሚሰማ የለም።

በእጇና በጉልበቷ ሆነች። ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ፣ ሽበቱን በጥፍሯ ቆንጥጣ ዳኸች። መሃል ላይ ስትደርስ ወንዙ ከሥሯ ሲሮጥ አየችና ቆመች። ወደፊትም ወደ ኋላም አልሆነላትም። ግንዱን አቅፋ ተኛችበት።

ከጸሎት የሚመለሱ ሰዎች ዳር ላይ ተሰብስበው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። መጀመሪያ አዘኑ፣ ቆይተው አንዳንዱ ሳቀ። ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት ወደ ሰማይ አየችና በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ፣ «ቶሎ በይ እንጂ እናቴ፣ ዝናብ መጣብን» አለቻት።